ሰሙ የት ገባ?

በ1997 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ራቅ ባለች ከተማ የኬሚስትሪ መምህር ነበርኩ። «ፕላዝማ» የምንለው ቴሌቪዥን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ገና የተሰቀለበት ሰሞን ነው። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ፣ በእንግሊዝኛ ተነግሮ፣ በሳተላይት ይመጣል። ለኔ የተተወችልኝ ከሥርጭቱ በፊትና በኋላ ያለችው ጥቂት ደቂቃ ናት። በመካከሉ እኔም እንደ ተማሪዎቼ ተመልካች ነኝ።

አንድ ቀን በቴሌቪዥኑ መስኮት ስለ መቃጠል ይተረካል፤ ሻማ ይነዳል። ከመካከለኛው ረድፍ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሻማው እኮ እያለቀ ነው፤ ሰሙ የት ገባ?» በእጄ «ቆዪ» አልኳት። የመስኮቱ መምህር ግን አይቆይም፤ ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፈ። ሥርጭቱ ሲያበቃ ደወል ተደወለ። ጥያቄው እኔው ዘንድ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሳይንስን በምስል ስለ ማስተማር ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ኖሬያለሁ። የሚገርመው ደግሞ የታሪኩን አንድ ጫፍ ያገኘሁት እዚያችው ሻማ ላይ መሆኑ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሎንዶን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ከ1825 ጀምሮ በገና ሰሞን ለወጣቶች የሳይንስ ንግግር ይደረጋል። ከተናጋሪዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ማይክል ፋራዴይ የቀጥቃጭ ልጅ ነው። መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሙያ ሲማር አድጎ፣ ሳይንስን በቅርብ ያወቀው በ1812 አንድ ደንበኛ በሰጠው መግቢያ ትኬት የሐምፍሪ ዴቪን ንግግር በመስማቱ ነበር። ይኸው ሰው በ1860 መጨረሻ ስድስት ንግግሮችን በአንዲት ሻማ ላይ ብቻ አደረገ። ቀዝቃዛ ዕቃ ከነበልባሉ በላይ ይዞ የውኃ ጠብታ ሲቋጥር አሳየ። ከሻማው የሚወጣውን አየር ወደ ኖራ ውኃ አስገብቶ ውኃው እንደ ወተት ሲነጣ አሳየ። ሰሙ አልጠፋም። በውስጡ ያለው ሃይድሮጂን ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ውኃ ሆነ፤ ካርቦኑም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ከአየር ጋር ተቀላቀለ። በመጨረሻም በልጆቹ እስትንፋስ ውስጥ ያለው ነገር ከዚሁ ጋር እንደሚመሳሰል ነገራቸው። እንግዲህ የኔ ተማሪ ጥያቄ ከመቶ አርባ ዓመት በፊት መልስ ነበረው ማለት ነው።

ፊልም ሲመጣ ዓይን የማይደርስበትን ማሳየት ተቻለ። በ1903 ማርቲን ደንከን ካሜራን ከማይክሮስኮፕ ጋር አጋጥሞ፣ በአይብ ላይ የሚርመሰመሱ ጥቃቅን ነፍሳትን አነሣ። ሎንዶን ውስጥ አልሐምብራ በተባለው ቲያትር ቤት ዘፈንና ጭፈራ ለማየት የመጣው ሕዝብ እነዚህን ነፍሳት በግርምት ተመለከተ። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል እንዲሉ፣ ዓይን የሚገባውን አገኘ። ልብ ግን ለመፍረድ ጥያቄና መልስ ይሻል።

ይህን የተረዳው አሜሪካዊው ዶን ኸርበርት ይመስለኛል። ከ1951 እስከ 1965 «ሚስተር ዊዛርድ» በሚል ስም በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ሲቀርብ፣ ሁልጊዜ ከጎኑ የጎረቤት ልጅ ሆኖ የሚጫወት አንድ ታዳጊ ነበር። ዕቃው የማድ ቤት ዕቃ ነው። ልጁ ይነካል፣ ይሳሳታል፣ «ለምን?» ይላል። በየቤቱ የተቀመጠው ልጅ ለመጠየቅ ቢያፍር እንኳ ያ ልጅ ይጠይቅለታል።

በ1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ስታመጥቅ አሜሪካ ደነገጠች። በጄሮልድ ዛካራያስ መሪነት ከአንድ ዓመት በፊት የተጀመረው የፊዚክስ ትምህርት ማሻሻያ ገንዘብ ጎረፈለት፤ ለታዳጊዎችም ፊልሞች አዘጋጀ። በ1960 ከወጡት በአንዱ ሁለት የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች፣ ሂዩምና አይቪ፣ አንዱ ቁልቁል ተዘቅዝቆ እየታየ፣ የተዘቀዘቀው ማን እንደሆነ ይከራከራሉ። ተመልካቹ በክርክራቸው መካከል ያስባል።

ይህ እንዲያው ጨዋታ ለማሳመር ብቻ አይደለም። ዴሬክ ሙለር በ2008 ለሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናቱ ሁለት ዓይነት የፊዚክስ ቪዲዮዎችን አነጻጽሯል። ጥርት ብሎ የተተረከውን ተማሪዎች «ግልጽ ነው» ብለው አመሰገኑት፤ ዕውቀታቸው ግን እምብዛም አልጨመረም። የተለመደው ስሕተት በውይይት ተነሥቶ የታረመበት ቪዲዮ አደናገራቸው፤ በፈተና ግን የተሻለ ውጤት ያስገኘው እሱ ነው።

ፕላዝማን ለመንቀፍ አልተነሣሁም። ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ሙከራን ያየው በእሱ ነው። ጉድለቱ ለተጠያቂ እንጂ ለጠያቂ ቦታ አለመተዉ ላይ ነበር። እርሱ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ራሱ መልሶ ያልፋል። እኛው ዘንድ ሌላ መንገድም ታይቷል። በ2006 ብሩክታዊት ጥጋቡ የተባለች መምህርት ከባለቤቷ ጋር «ጸሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘውን የሕፃናት ዝግጅት በአማርኛ አቀረበች። ጸሐይ የአሻንጉሊት ቀጭኔ ናት፤ የማወቅ ጉጉቷም እንደ ማንኛውም ልጅ ነው።

ዛሬ በእጅ ስልክ ላይ ያለውን ቪዲዮ ማንም በጣቱ ያቆመዋል። ማቆም መቻል ትልቅ ነገር ነው። ይሁንና ካቆሙት በኋላ የሚጠይቁት ሰው በአጠገብ ከሌለ መልሶ ከማስኬድ በስተቀር ምን ይደረጋል?

ያ ቀን ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ በትምህርት ሰዓት መብራት ጠፋ፤ ፕላዝማውም ጨለመ። ከሱቅ ሻማ አስገዝቼ ለኮስኩ። በቀዝቃዛ ውኃ ነክሬ ያደረቅኩትን ብርጭቆ ከነበልባሉ በላይ ደፋሁት። የብርጭቆው ውስጥ ላብ ላብ አለው። ክፍሉ በሙሉ ከወንበሩ ተነሥቶ ከበበኝ፤ ጥያቄውም እስከ ደወል አላባራ አለ።

ያቺ ልጅ ግን በዕለቱ ከትምህርት ቤት ቀርታ ነበር።