ከአዲስ አበባ መቐለ ስንት ሰዓት ነው?

ሰው ይህን ሲጠይቀን ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው "በምን?" የሚለው ነው። በአውሮፕላን ከሆነ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። በመኪና ከሆነ በደሴ በኩል 780 ኪሎ ሜትር ያህል አለና ስንቅ መያዝ ነው። ታሪክ ለሚወድ ግን ሌላ ጥያቄ አለ፦ "መቼ?"

እስቲ ከ1888 ዓ.ም. እንጀምር። አፄ ምኒልክ በጥቅምት ከአዲስ አበባ ተነሡ፤ በወረኢሉ በኩል አድርገው መቐለ የደረሱት በገና ሰሞን ነው። ሦስት ወር ገደማ ማለት ነው። እርግጥ ሠራዊት እንደ ተሳፋሪ አይሄድም፤ ይሰፍራል፣ ወደ ኋላ የቀረውን ይጠብቃል። እንዳ ኢየሱስ ላይ መሽጎ የነበረው ጣሊያን ግን እቴጌ ጣይቱ ውኃውን ሲያስይዙበት ምሽጉን ለቀቀ።

ጣሊያን ከአርባ ዓመት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ጦሩን የሚያጓጉዝበት መንገድ ሠራ፤ ጣርማበርንም ሸንቁሮ አለፈ። ለወረራ የተሠራው መንገድ ለእኛ ቀረና የወራቱን ጉዞ ወደ ቀናት አወረደው። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ለአውሮፕላን ጣርማበርም፣ ግራ ካሱም፣ አላጄም ከታች የሚታዩ ተራሮች ናቸው። በሰማይ ቀጥታ ሲለካ አዲስ አበባና መቐለ የሚራራቁት 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክም የታሰበው በዚህ ስሌት ነው። ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር የፈሰሰበት ይህ ፓርክ ልብስ ሰፍቶ ባሕር ማዶ እንዲልክ ነበር የተፈለገው። ለውጭ ገበያ የሚሰፋ ሸሚዝ ቀን ተቆርጦለታል፤ ከዘገየ ገዢው ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። ከሐራ ገበያ መቐለ የሚዘረጋው ባቡር በ2007 ዓ.ም. የተጀመረውም ከተማዋን ከወደብ ለማቀራረብ ነበር።

ከዚያ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጣ። ጦርነት። የፓርኩ ማሽኖች ቆሙ፤ ባቡሩም ሳያልቅ ቀረ። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. በኋላ መደበኛው በረራ፣ ስልኩ፣ ባንኩ ሁሉ ተቋረጠ። ተራሮቹ ያው ናቸው፤ 500 ኪሎ ሜትሩም አልጨመረም። የአንድ ሰዓቱ መንገድ ግን 18 ወር ፈጀ! በእግርና በበቅሎ ከሄደው የምኒልክ ሠራዊት ስድስት እጥፍ መሆኑ ነው።

የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ። ታኅሣሥ 19 የመንገደኛ አውሮፕላን እንደገና መቐለ አረፈ። አሉላ አባ ነጋ ኤርፖርት ላይ ሰዎች ሲተቃቀፉ፣ ሲያለቅሱ በየቴሌቪዥኑ ያየነው ያን ቀን ነው። ከአንድ ሰዓት በረራ ወርዶ እንደዚያ የሚያለቅስ ሰው ካለ፣ ርቀቱ የኪሎ ሜትር ጉዳይ አልነበረም ማለት ነው።

እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ካርታውን በቃላችን እናውቀዋለን። በእነዚያ 18 ወራት ግን ስንቶቻችን ነን "መቐለ ስንት ሰዓት ነው?" ብለን የጠየቅነው? ሸሚዝ ሰፊዋን ልጅ የት ደረሰች ያልነውስ? መንገድ የሚሠራው በዶዘር ነው፤ የሚዘጋው ግን በሰው ነው። ቀጣዩ ትውልድ "መቼ?" ብሎ ሲጠይቅ የእኛን ዘመን በምን እንመልስለት?

ቸር ያሰንብተን።