መነጽር፦ የድካም ምልክት ወይስ የኃይል?

ሱፐርማን በ1930 ዓ.ም. በአሜሪካ የሥዕል መጽሔት ላይ ሲወለድ መነጽር ተሰጠው፤ ይሁን እንጂ የተሰጠው ለማየት ሳይሆን ለመደበቅ ነበር። ጋዜጠኛው ክላርክ ኬንት መነጽሩን ሲያደርግ ዓይን አፋር፣ ሲያወልቅ ኃያል ይሆናል። በ1954 ዓ.ም. የተፈጠረው የስፓይደርማን ባለታሪክ ተማሪው ፒተር ፓርከርም ባለመነጽር ነበር፤ በ1994 ዓ.ም. በወጣው ፊልም ግን ሸረሪቷ ከነደፈችው በኋላ ዓይኑ ጠርቶ መነጽሩን ተወ። የሁለቱም ታሪኮች መልእክት አንድ ነው፦ ጀግና መነጽር አያደርግም።

ይህ አስተሳሰብ ለሙያችን ቀላል ጉዳይ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ እይታው የደከመ ሆኖ ተገኝቷል። ከኋለኞቹ የአንድ ሦስተኛው ያህል ችግር መነጽር ሊያቃናው የሚችል ነበር።

የካ ክፍለ ከተማ የዓይን ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል መገኛ ነው። ከበላዩ በሚገኘው በእንጦጦ ተራራ ምእመናን ፈውስ ፍለጋ ወደ ጠበል ይወጣሉ። በዚያው ተራራ በ2007 ዓ.ም. ባለ1 ሜትር ስፋት መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ተመርቀዋል። በእነዚህ መሣሪያዎች ሰማይን የሚመረምረውን ሊቅ ዓይነ ደካማ ብሎ የሚያፌዝበት የለም። ታዲያ ሰሌዳውን ለማንበብ መነጽር ያደረገ ሕፃን ስለምን ይሸማቀቃል?

እነሆ፣ «ጀምበር» የተባለው ኢትዮጵያዊ ጀግና በአማርኛ ታትሞ ለልጆቻችን ቀርቧል። ከእርሱ በኋላ ከሚመጡት አንዱ መነጽሩን ሳያወልቅ ቢዋጋ፣ እኛ በምርመራ ክፍላችን ለወላጅና ለልጅ በብዙ ቃል የምናስረዳውን እርሱ በአንድ ሥዕል ያስረዳልን ነበር።