ዝገትና የታሪክ ምስክርነት፤ ስለ አክሱም ዘመን ማዕድናት

የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምረው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ድረስ የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ገንዘብ አሠርተዋል። ሦስቱም በአንድ ምድር ቢቀበሩ ሲወጡ መልካቸው አንድ አይሆንም። ወርቁ ያበራል፤ ብሩ ይጠቁራል፤ መዳቡ ግን አረንጓዴ ቅርፊት ስለሚለብስ ብዙ ጊዜ የንጉሡ ስም እንኳ አይነበብበትም።

የልዩነቱ ምክንያት ማዕድናቱ ከአየርና ከውሃ ጋር ያላቸው ጠባይ ነው። ወርቅ ከኦክሲጅንም ሆነ ከውሃ ጋር አይዋሐድም። ብር በአየርና በአፈር ያለው የድኝ ውሁድ ሲያገኘው ይጠቁራል። መዳብ በመጀመሪያ ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ቀላ ያለ ሽፋን ያወጣል፤ ቀጥሎም እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨመሩበት አረንጓዴ ይሆናል። ይህ ሽፋን ውስጡን በመጠኑ ይጠብቀዋል፤ ጨዋማ አፈር ግን ጥፋቱን ያፋጥነዋል። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ብረት ነው። አየርና ውሃ በአንድነት ሲያገኙት ይዝጋል፤ ዝገቱም የሚያብጥና የሚፈረፈር ስለሆነ ለውስጡ መጋረጃ አይሆነውም።

እዚህ ላይ የታሪክ ተመራማሪ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። በቁፋሮ የሚገኘው ብረት ብዙውን ጊዜ ቅርጹ የጠፋ የዝገት ጓል ስለሆነ፣ ብረት በአክሱም ኑሮ አነስተኛ ስፍራ ነበረው ብሎ መፍረድ ይቀላል። የጽሑፍ ምስክር ግን ይህን አይደግፍም። በ1ኛው መቶ ዓመት በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ጉዞ መጽሐፍ፣ ለጦር መሣሪያ የሚሆን ብረትና ለማብሰያ ዕቃ፣ ለአምባርም የሚሆን መዳብ በአዱሊስ ወደብ ይገባ እንደ ነበር ይዘረዝራል። በ6ኛው መቶ ዓመት አዱሊስን ያየው ነጋዴ ኮስማስም፣ የአክሱም ነጋዴዎች ሳሱ ወደምትባል አገር በሬ፣ ጨውና ብረት ወስደው በወርቅ ይለውጡ እንደ ነበር ጽፏል።

እንግዲህ ወርቁን ያስገኘው ብረት ዝጎ አፈር ሲሆን፣ በብረት የተገዛው ወርቅ ሳይለወጥ ቀርቷል ማለት ነው። በቤተ መዘክር የሚታየው የአክሱም ገጽታም ነገሥታቱ የተዉልን ብቻ ሳይሆን አየርና ውሃ ያስተረፉልን ነው። የንጉሡ ምስል በወርቅ ላይ ጸንቶ ሲኖር፣ የገበሬው መሣሪያና የቀጥቃጩ የእጅ ሥራ ከዝገቱ ጋር ከታሪክም ሊጠፋ ይደርሳል።

ስለዚህ የዝገት ጓል እንደ ቆሻሻ ሊጣል፣ አረንጓዴ የለበሰ ሳንቲምም እንዲያበራ ተብሎ ሊፋቅ አይገባም። በጓሉ ውስጥ የተሰወረውን ቅርጽ ኤክስሬይ ሊያሳይ ይችላል፤ ሽፋኑ ከተፋቀ በኋላ ግን በውስጡ የቀረው ጽሑፍ ተመልሶ አይገኝም።