የፎገራ ሜዳና የበጋው ውኃ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ ከሚሄደው መንገድ ጋራ የሚገናኝባት ከተማ ወረታ ትባላለች። ከወረታ በስተ ምዕራብ እስከ ጣና ዳርቻ የተዘረጋው ሜዳ ፎገራ ነው። ከጉና ተራራ የሚነሡት ሁለት ወንዞች፥ ጉማራ በደቡብ በኩል፥ ርብ በሰሜን በኩል፥ ሜዳውን አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ። በክረምት ወንዞቹ ዳርቻቸውን ጥሰው ይፈሳሉ፤ ባሕሩም ከፍ ስለሚል ሜዳው ላይ ውኃ ይተኛል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ አፈናቅሏል። በእንዲህ ያለ አገር ስለ ውኃ እጥረት መናገር ለሰሚ እንግዳ ሳይመስል አይቀርም። የፎገራ ገበሬ ችግር ግን ውኃው የሚመጣበት ወራትና የሚፈለግበት ወራት አለመገናኘታቸው ነው።

ሕዝቡ ከዚህ ጠባይ ጋራ የሚኖርበትን ሥርዓት ከጥንት አበጅቶ ነበር። ክረምት ካለፈ በኋላ ባሕሩ እየጐደለ ሲሄድ የሚለቀው መሬት «ባሕር ሸሽ» ይባላል፤ ስሙ ራሱ የእርሻውን ደንብ ይናገራል። ዋልካው ርጥበት ይዞ ስለሚቈይ ጓያና ሽምብራ ያለ ዝናብ ይበቅሉበታል፤ ሣሩም በወተቱ ስም ያተረፈውን የፎገራን ከብት ይቀልባል። ሸሸርና ወላላ የተባሉት ረግረጎች ደግሞ ርብ በገነፈለ ጊዜ እየሞሉ፥ በበጋ ቀስ በቀስ እየጐደሉ፥ ለከብት መጠጫ፥ ለዓሣ መራቢያ፥ ከሩቅ አገር ለሚመጡት ወፎች ማረፊያ ነበሩ። ማንም ጐተራ ብሎ አልጠራቸውም እንጂ ሥራቸው የጐተራ ሥራ ነበር።

ስለ ጣና ውኃ በመንግሥታት መዝገብ የተጻፈው ታሪክ ከዚህ የራቀ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋራ በተፈራረሙት ውል፥ በጥቁር ዓባይ፥ በጣናና በሶባት ላይ የውኃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋራ ሳይስማሙ እንዳይሠራ ተወስኗል። በ1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ኢጣልያ ኢትዮጵያን ሳይጠይቁ ስለ ጣና ግድብ በደብዳቤ ሲስማሙ፥ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤቱታ አቀረቡ። ከዚያም በ1920 ዓ.ም. ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ወደ አሜሪካ ተልከው ጄ. ጂ. ዋይት ከሚባለው የመሐንዲሶች ኩባንያ ጋራ ተነጋገሩ። የኩባንያው ሰዎች መጥተው ባሕሩን ለኩ፤ የኢጣልያ ወረራ ግን ነገሩን አቋረጠው። የእንግሊዝ አሳብ በጣና የተከማቸ ውኃ በበጋ ለሱዳንና ለግብፅ እርሻ እንዲደርስ ነበር። በኢትዮጵያ በኩል በደሴቶቹ ላይ ስላሉት ገዳማት ሥጋት ተነሥቷል፤ ሥጋቱም ተገቢ ነው። ሆኖም ባሕሩ ከፍ ቢል ዝቅተኛው ዳርቻ፥ ፎገራና ደንቢያ፥ አስቀድሞ መስጠሙ አይቀርም ነበር፤ ባሕር ሸሹም የሚሸሽለት ባሕር ባጣ ነበር።

የሜዳው የራሱ ጥማት ተቈጥሮ የተጻፈው የአሜሪካ የመሬት ማልሚያ ቢሮ ከ1949 ዓ.ም. ስምምነት በኋላ የዓባይን ተፋሰስ መርምሮ በ1956 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት ነው። በጥናቱ ውስጥ ርብና ጉማራ ለመስኖ የሚገደቡ ወንዞች ሆነው ገቡ። ግድቡ ሲዘገይ እርሻው አልጠበቀም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች እርዳታ ሩዝ በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሞከረ። የክረምቱን ውኃ የሚወድ እህል በመገኘቱ፥ ለሌላው አዝመራ ጥፋት የነበረው ተኝቶ የሚቈይ ውኃ ሀብት ሆነ፤ ከሜዳው ታሪክ ይህን የሚያህል ለውጥ ጥቂት ነው። ሩዙ ከታጨደ በኋላ ደግሞ ገበሬው በሞተር ውኃ እየሳበ ሽንኩርት መትከል ጀመረ። ክርክሩ የመጣው ከዚህ ነው፤ ሞተሩ ውኃ የሚስበው ወንዙ እጅግ በቀጠነበት ወራት ነውና።

በዚያው ዘመን ባሕሩም ሌላ ጌታ አገኘ። በ1988 ዓ.ም. የዓባይ መውጫ ላይ የጨረጨራ ግድብ ተሠራ፤ በ1995 ዓ.ም. የጣና ከፍታ መለካት ከተጀመረ ወዲህ ወደማይታወቅ ዝቅታ ወረደ፤ መርከቦች ቆሙ፥ ገበሬዎችም የተገለጠውን የባሕር ወለል ተከትለው አረሱ። በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ተመረቀ። የርብ ግድብም ወደ አሥር ዓመት ያህል ሥራ ከፈጀ በኋላ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ ሆኖ ተፈጸመ፤ የጉማራው ግን በወረቀት ላይ ብዙ ዘመን ቈይቷል።

የርብ ግድብ ለበጋው መድኃኒት መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ላይኛው ጐተራ ሲሠራ ታችኛው እየፈረሰ ነበር። ሸሸርና ወላላ ለሽንኩርት በሞተር ተሳቡ፤ ጠርዛቸውም ታረሰ። ከላይ የሚወርደው ደለል የርብን ወለል በሜዳው ላይ ከፍ እያደረገ ውኃው አቅጣጫውን እንዲለውጥ ያደርገዋል። ግድቡ የክረምቱን ሙላት በያዘ መጠን ደግሞ ወደ ረግረጎቹ የሚገነፍለው ይቀንሳል። ለመስኖ የሚለቀቀው ውኃ በቦይ እየተለካ ይከፋፈላል፤ ለሸሸርና ለወላላ የሚደርሰው ስንት እንደሆነና በየትኛው ወር እንደሚለቀቅ በዚያው መደብ ካልተጻፈ፥ በመጋቢት ከብቱን ወደዚያ የሚነዳው እረኛ የሚያገኘው የሌላ ሰው የሽንኩርት መደብ ነው።