የሕዝብ መኪና በምን ይለካል? ፎርድ ሞዴል ቲና ቮልስዋገን ሲነጻጸሩ

ኦቶሞቢል ከተፈጠረ በኋላ ለብዙ ጊዜ የባለጸጋ መዝናኛ ሆኖ ቈይቷል። ይህን መሣሪያ ለተራው ሰው እናደርሳለን ተብለው ከተሠሩት መኪናዎች መካከል የአሜሪካው ፎርድ ሞዴል ቲና የጀርመኑ ቮልስዋገን ከፍ ያለ ስፍራ አላቸው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ሁለቱን በመጀመሪያ በአሠራራቸው፤ ቀጥሎም በታሪካቸው እናነጻጽራለን። ዓመታቱ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሞዴል ቲ በ1908 ሲወጣ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሩ 2.9 ሊትር ነበር፤ የሚሰጠው ኀይል ግን 20 የፈረስ ጉልበት ብቻ፤ ፍጥነቱም በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሞተሩ ከፊት ሆኖ በውሃ ይቀዘቅዛል፤ ወደ ፊት የሚሄድበት ማርሽም ሁለት ነው። ቤንዚኑ ከመቀመጫው ሥር ካለው ታንክ በራሱ ክብደት ወደ ሞተሩ ይወርድ ስለ ነበር፤ ቤንዚን ሲያንስ ቀጥ ያለ ዳገት ያጋጠመው ነጂ መኪናውን አዙሮ የኋሊት መውጣት ግድ ይሆንበት ነበር።

ፈርዲናንድ ፖርሽ የነደፈው ቮልስዋገን፤ ትርጓሜው «የሕዝብ መኪና» ማለት ነው፤ በ1938 ለሕዝብ ሲታይ ሞተሩ 985 ሴንቲ ሜትር ኩብ ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ ወደ 24 የሚጠጋ የፈረስ ጉልበት ይሰጥና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር። ማርሹ አራት ነው። ከኋላ የተተከለው ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዝ የሚፈላም ሆነ በብርድ የሚረጋ ውሃ የለውም።

እንግዲህ በቍጥር ብቻ ብንፈርድ ብልጫው የቮልስዋገን ነው። በ30 ዓመት ውስጥ የሞተር ጥበብ ስለ ገፋ ይህ አያስደንቅም። የታሪክ ተማሪ ግን ሌላ ጥያቄ አለው፤ ይኸውም በመኪናው ማን ተቀመጠበት? የሚል ነው።

ፎርድ በ1913 በሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካው ሥራውን በተንቀሳቃሽ መስመር ላይ ካዋለ በኋላ፤ ሻሲውን ለመገጣጠም ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው ጊዜ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወረደ። ሥራው አሰልቺ ሆኖ ሠራተኛው እየተወ ስለ ሄደ፤ በ1914 የቀን ደመወዝ እስከ 5 ዶላር ከፍ ተደረገ። በ1908 850 ዶላር የነበረው የመኪናው ዋጋም በ1925 ከ300 ዶላር በታች ሆነ። ስለዚህ ሠሪው ራሱ ገዢ ለመሆን ቻለ፤ እስከ 1927 ድረስም 15 ሚሊዮን መኪና ተሠራ።

በጀርመን አገር ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። የናዚ መንግሥት መኪናውን በ990 ማርክ እንደሚሰጥ አስታውቆ፤ ፈላጊው በሳምንት 5 ማርክ እየከፈለ ቴምብር በደብተር እንዲለጥፍ አደረገ። ወደ 336,000 የሚሆኑ ሰዎች ገንዘባቸውን አስገቡ። በ1939 ጦርነት ሲነሣ ፋብሪካው የጦር ተሽከርካሪ መሥሪያ ሆነ፤ በግዳጅ የመጡ ሰዎችም ይሠሩበት ጀመር። ከቈጣቢዎቹ አንድ ሰው እንኳ መኪናውን አልተረከበም።

ቮልስዋገን በእርግጥ ወደ ሕዝብ የደረሰው ከ1945 በኋላ፤ ፋብሪካው በእንግሊዝ መኰንኖች ጥበቃ ሥር ሥራ ሲጀምር ነው። በየካቲት 1972 በብዛት ሞዴል ቲን በለጠ፤ በ2003 በሜክሲኮ እስኪቆም ድረስም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠራ።

ከዚህ የምንረዳው፤ በ1938 የተሻለው መኪና በቴምብር ደብተር ላይ ሲቀር፤ ያነሰው መኪና አስቀድሞ ሚሊዮኖችን ማጓጓዙን ነው። የፈረስ ጉልበት የሞተሩን ኀይል ይነግረናል፤ «የሕዝብ» የሚለው ስም እውነት መሆኑን ግን የሚመሰክረው ገንዘቡን ከፍሎ መኪናውን የተረከበው ሰው ነው።