ነፈቃ እስከ መቼ ነው?

የዛሬው ዝግጅታችን መነሻ አንዲት እናት የላኩልን ጥያቄ ነው። ከባላቸው ከተፋቱ ዓመታት አልፈዋል። አባት የልጁን ቀለብ ሲሰጥ ቆይቶ፣ ልጁ 16 ዓመት ሲሞላው «ባሊግ ሆኗል፤ ከእንግዲህ ሠርቶ ይብላ፤ ሸሪዓውም ይኸው ነው» ብሎ አቋረጠ። ልጁ ግን ገና ዘጠነኛ ክፍል ነው። ሸሪዓው እውነት ይኸው ነውን? ታሪኩን እንይ።

ሂንድ ቢንት ዑትባ (ረ.ዐ) ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀርባ፣ ባሏ አቡ ሱፍያን እጁ የማይፈታ መሆኑን፣ ለእርሷና ለልጆቿ የሚበቃ እንደማይሰጣት አመለከተች። እርሳቸውም የሚበቃቸውን ያህል በወጉ እንድትወስድ ፈቀዱላት። ልብ እንበል፤ እዚህ የዕድሜ ቁጥር የለም። መለኪያው መብቃቱና ወጉ ነው።

ማብቂያውን የተነተኑት በኋላ የመጡት ፉቀሃዎች ናቸው። በሐነፊ መዝሀብ ወንድ ልጅ ሠርቶ ማደር እስኪችል፣ ሴት ልጅ እስክታገባ አባት ይቀልባል። ማሊኪዎችም ለወንዱ መጎርመስን ከመሥራት አቅም ጋር አያይዘው ያያሉ። ሐንበሊዎች ሰፋ ያደርጉታል፤ እ.ኤ.አ በ1223 ያረፉት ኢብኑ ቁዳማ «አል-ሙግኒ» በተሰኘው ኪታባቸው እንዳሰፈሩት፣ ልጁ አድጎ ጤነኛ ቢሆን እንኳ ድሃና ገቢ የሌለው እስከሆነ ነፈቃው ይቀጥላል።

የተማሪውን ነገር በሰፊው ያነሱት ሐነፊዎች ናቸው። ቀደምቶቹ ዒልም የሚፈልግ ልጅ አባቱ ይቀልበው ዘንድ ፈትዋ ሰጡ። ከኋለኞቹ አንዳንዶቹ ግን የዘመናቸው ተማሪዎች ምግባር ተበላሽቷል ብለው ፈትዋውን አጠበቡት። (ስለ ተማሪ ማማረር የዛሬ ብቻ አይደለም ማለት ነው!) ሌሎቹ ደግሞ ቁም ነገር ያለውና በትምህርቱ የተጠመደ ከሆነ ይቀለብ አሉ።

ይህ ውይይት በዘመናችን የሕግ አንቀጽ ሆኗል። እ.ኤ.አ በ1985 የወጣው የግብፅ ሕግ የወንድ ልጅን ነፈቃ እስከ 15 ዓመት ካደረገ በኋላ፣ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት፣ በትምህርት ወይም ሥራ በማጣት ራሱን መቻል ካልቻለ በአባት ላይ እንደሚቀጥል ደነገገ። የሞሮኮው የ2004 ሕግ ትምህርቱን ለሚከታተል ልጅ እስከ 25 ዓመት አደረሰው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ በ2000 የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በወላጅና በልጅ መካከል ያለውን የቀለብ ግዴታ ያሰረው ከጠያቂው ችግርና ሠርቶ መኖር ካለመቻሉ ጋር ነው። የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በ1999 በወጣው አዋጅ ቀለብን የማየት ሥልጣን አላቸው፤ ተከራካሪዎቹ ግን በዚያ ለመዳኘት መስማማት አለባቸው።

እንግዲህ «ባሊግ ሆኗል» የሚለው ቃል ብቻውን ክርክሩን አይዘጋውም። የጠየቁን እናት ቃዲው ዘንድ ሲቀርቡ፣ ከልጁ የልደት ወረቀት ሌላ የትምህርት ቤቱን ማስረጃና ልጁ ገቢ እንደሌለው የሚመሰክሩ ሰዎችን ይዘው ይሂዱ።