ጋሻው ከሚያልቅበት በታች፦ የእግር ጥሩር ታሪክ ምን ያስተምረናል?

በ1ኛ ሳሙኤል 17 ስለ ጎልያድ የተጻፈውን ስናነብ ዓይናችን ቶሎ የሚያርፈው በቁመቱና በጦሩ ላይ ነው። ጸሐፊው ግን ትጥቁን ከራስ እስከ እግር አንድ በአንድ ይዘረዝራል። መጀመሪያ የናስ ቁር፣ ቀጥሎ ሚዛኑ 5,000 ሰቅል የሆነ ጥሩር፣ ከዚያም በእግሮቹ ላይ የናስ ገምባሌ። 5,000 ሰቅል በዛሬው ልኬት ወደ 57 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ገምባሌ ደግሞ ከጉልበት በታች ያለውን ቅልጥም የሚሸፍን መከላከያ ነው። ኳስ የምትጫወቱ ወጣቶች በካልሲያችሁ ውስጥ የምታስገቡት የቅልጥም መከላከያ የዚሁ የሩቅ ዘመድ ነው።

ጎልያድ እግሩን እንኳ ሳይቀር ሸፍኖ ወጣ፤ ዳዊት ግን ጥሩሩን አውልቆ ሄደ። በሁለቱ መካከል በብዙ ሀገርና በብዙ ዘመን ወታደሮች ሲመልሱት የኖሩት ጥያቄ አለ፦ ጉልበትንና ቅልጥምን በምን እንጠብቅ? መልሱን ስንከታተል፣ ጥሩ መከላከያ ማለት ብዙ ብረት ማለት እንዳልሆነ እናያለን። ጥሩ መከላከያ ምቱ የሚመጣበትን ቦታ ያውቃል፤ የለበሰውንም ሰው መራመድና መንበርከክ አይከለክለውም።

ምቱ የሚያርፈው የት ነው?

የጥንት ግሪክ እግረኛ ወታደር ትልቅ ክብ ጋሻ ይይዝ ነበር። ጋሻው ከአገጩ አንስቶ እስከ ጉልበቱ አካባቢ ይሸፍነዋል። ከዚያ በታች ያለው ቅልጥም ግን ሜዳ ላይ የቀረ ነው። ስለዚህ የእጅ ባለሙያዎች ስስ ናስ ቀጥቅጠው በእግሩ ቅርጽ ልክ ገምባሌ ሠሩለት። ናሱ እንደ ምንጭ ብረት ተከፍቶ መልሶ ባቱን ጨብጦ ይይዝ ነበር። ጋሻው ያልደረሰበትን ገምባሌው ሞላ ማለት ነው።

ይህ ክፍተት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የሚያሳይ የአጥንት ምስክር በስዊድን ጎትላንድ ደሴት ተገኝቷል። በሐምሌ 1361 እ.ኤ.አ. የዴንማርክ ንጉሥ ቫልደማር አራተኛ ሠራዊት ከቪስቢ ከተማ ቅጥር ውጭ የደሴቲቱን ገበሬዎች ወግቶ ድል አደረገ። ሙታኑ ከነጥሩራቸው በጅምላ ተቀበሩ። ከ1905 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መቃብሮቹ ሲቆፈሩ ከ1,000 በላይ ሰዎች አጽም ወጣ። አጥኚዎቹን ካስደነቋቸው ነገሮች አንዱ በቅልጥም አጥንት ላይ የተገኘው የስለት ምልክት ብዛት ነበር። ገበሬዎቹ ራሳቸውንና ደረታቸውን ለመሸፈን የቻሉትን ያህል ጥረዋል። ጠላት ግን የተሸፈነውን ትቶ ባዶውን መታ።

ጉልበት መታጠፍ አለበት

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ባላባቶች በመጀመሪያ እግራቸውን የሚሸፍኑት ከብረት ቀለበት በተሠራ ጥሩር ነበር። የቀለበት ጥሩር ስለት ያግዳል፤ የከባድ ዱላ ምት ግን አጥንት ድረስ ያሳልፋል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በጉልበት ሎሚ ላይ እንደ ጽዋ የጎደጎደ ጠንካራ መከላከያ ተጨመረ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ቅልጥሙን ዙሪያውን የሚዘጋ የብረት ገምባሌ ተስፋፋ። ለጉልበት ቅድሚያ የተሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱ በምድር ከቆመው ጠላት ክንድ ጋር እኩል ይሆናል፤ የተሰበረ መገጣጠሚያም እንደ ቆዳ ቁስል ቶሎ አይድንም።

ዛሬም በቪስቢ በየዓመቱ የመካከለኛው ዘመን ሳምንት ይከበራል። በአውሮፓና በአሜሪካም የጥንቱን ውጊያ በደነዘ ሰይፍ የሚያስመስሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች የእግር ጥሩር ሲመርጡ የሚጠይቁት ጥያቄ የጥንቱ ባላባት ከጠየቀው አይለይም። የጉልበቱ ጽዋ ስንበረከክ ቦታውን ይለቃል ወይስ አብሮ ይታጠፋል? ከሥሩ ምቱን የሚውጥ ወፍራም ጨርቅ አለው? ገምባሌው ቁርጭምጭሚትን እየፈገፈገ ያቆስላል? ክብደቱስ በወገብ ላይ ተንጠልጥሏል ወይስ እግር ላይ ብቻ ወድቋል? ለሌላ ሰው እግር የተሠራ ገምባሌ፣ ብረቱ ምንም ቢያምር፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ የራሱ ጠላት ይሆናል።

የክብደቱ ጉዳይ በሳይንስም ተለክቷል። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ የእንግሊዙ ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ በጥሩር መዋጋት የለመዱ ሰዎችን በመሮጫ ማሽን ላይ አራምዶ ነበር። ሙሉ ጥሩር የለበሰ ሰው ለመራመድ የሚያወጣው ኃይል ካለ ጥሩር ከሚያወጣው እጥፍ ይሆናል። አንዱ ምክንያት በእግር ላይ ያለው ብረት ነው። ጀርባ ላይ የተሸከምነው ሸክም አብሮን ይሄዳል፤ እግር ላይ የታሰረው ግን በእያንዳንዱ እርምጃ እንደገና መነሳት አለበት።

ባዶ እግሩን የተዋጋው ፈረሰኛ

በሀገራችንም ጥሩር ይታወቅ ነበር። አረብ ፈቂህ የጻፈው ፉቱህ አል ሐበሻ የተባለው መጽሐፍ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በነበረው ጦርነት በሁለቱም ወገን ጥሩር የለበሱ ፈረሰኞች እንደነበሩ ይተርካል። በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ቆሬ የአፄ ልብነ ድንግልና የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊት ሲገናኙ ብረት ለባሾች በሁለቱም በኩል ነበሩ።

እግር ግን በአብዛኛው ባዶ ነበር። የድሮ ሥዕሎችን ብትመለከቱ ፈረሰኛው ጫማ የለውም፤ ትንሿን እርካብ የሚይዘው በእግሩ ጣቶች ነው። በብረት የታሰረ እግር ይህን ሊያደርግ አይችልም። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወጣውን የደንገጎን ዳገት የምታውቁ ሌላውን ምክንያት ለመረዳት አይከብዳችሁም። በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ እዚህ ቆላ ላይ እንዲቆምና ከተማችን እንድትቆረቆር ያደረገው ያ ዳገት ነው። በዚህ ፀሐይ፣ በዚያ ዳገት፣ በእግሩ ላይ ብረት አስሮ የሚወጣ ወታደር ሳይዋጋ ይሸነፋል። ስለዚህ የሀገራችን ሰው ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የተሠራ ቀላል ክብ ጋሻ ይዞ በፍጥነቱ ተማመነ። ጉግስ ሲጫወቱ ያየ ሰው ይህን ጥበብ ዛሬም ያያል። ፈረሰኛው የተወረወረውን ዘንግ በጋሻው ይመልሳል፣ ጎንበስ ብሎ ያሳልፋል፣ ፈረሱን አዙሮ ያመልጣል። እግሩ የሚጠበቀው በመንቀሳቀሱ ነው።

ይህ ምርጫ ግን ዋጋ ነበረው፤ ነፍጥ ሲመጣ ደግሞ የብረቱም የቆዳውም ጥያቄ ተለወጠ። በ1533 ዓ.ም. በክሪስቶቫው ዳ ጋማ የተመሩ 400 የፖርቱጋል ወታደሮች ምጽዋ ደረሱ። በሚያዝያ 1534 ዓ.ም. በተደረገው የጃርቴ ጦርነት ኢማም አሕመድ በጥይት እግራቸውን ቆሰሉ፣ ሠራዊታቸውም አፈገፈገ። ከጥቂት ወራት በኋላ በወፍላ ተራው የዳ ጋማ ሆነ፤ ቆስሎ ተማረከና ተገደለ። ኢማሙም በየካቲት 1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ወደቁ። የዚያ ጦርነት ሙታን የክርስቲያኑም የሙስሊሙም አያቶች ናቸው። ዛሬ በአንድ ሰፈር ቡና የምንጠራራ ጎረቤቶች ስለሆንን ታሪኩን የምናነበው ለመማር ነው፤ ለፉከራ አይደለም።

የጳውሎስ ዝርዝር

ሐዋርያው ጳውሎስ በኤፌሶን 6 የእግዚአብሔርን የጦር ዕቃ ሲዘረዝር መታጠቂያን፣ ጥሩርን፣ ጫማን፣ ጋሻን፣ ራስ ቁርንና ሰይፍን ይጠራል። ገምባሌ የለበትም። ከዚህ ተነስተን የተሰወረ ምስጢር መፈለግ የለብንም። በጳውሎስ ዘመን ተራው የሮም ወታደር አብዛኛውን ጊዜ ገምባሌ አያደርግም ነበር፤ ገምባሌ የመቶ አለቃ ምልክት ነበር። ተራው ወታደር ያለው እንደ በር ረዘም ያለ ጋሻና ከሥሩ ሚስማር የተመታ ጫማ ነው። ጋሻው እስከ ጉልበቱ ይደርሳል፤ ጫማው ደግሞ ሳይንሸራተት እንዲቆም ያደርገዋል። ጳውሎስ ስለ እግር የተናገረው ለመሄድ ስለመዘጋጀት ነው።

ጉልበትስ? እዚያው መልእክት ውስጥ ምዕራፍ 3 ላይ ጳውሎስ በአብ ፊት እንደሚንበረከክ ይናገራል። የጦር ዕቃውንም ዘርዝሮ ሲጨርስ በቀጥታ ወደ ጸሎት ያልፋል። የክርስቲያን ትጥቅ መንበርከክን የሚከለክል ከሆነ ከኤፌሶን የተወሰደ አይደለም።

ለእኛስ?

ሦስት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ጠላት የሚመታው የተሸፈነውን አይደለም። እሁድ በመዘምራን መካከል ስትቆሙ ጋሻችሁ ሰፊ ነው። ሌሊት ስልካችሁን ይዛችሁ ብቻችሁን ስትሆኑ ወይም ገንዘብ ሲያጥራችሁ ጋሻው የት ላይ ያልቃል? ያንን ቦታ ለራሳችሁና ለአንድ ታማኝ ወንድም ወይም እህት በስሙ ጥሩት።

ሁለተኛ፣ የተውሶ ጥሩር አትልበሱ። ዳዊት የሳኦልን ጥሩር ያወለቀው ጥሩሩ መጥፎ ስለነበረ አይደለም፤ ስላልፈተነው ነው። በእጁ የተፈተነ ወንጭፍ ነበረው። የታዋቂ ሰባኪ አነጋገርና የሌላ ሰው ራእይ፣ በራሳችሁ ጸሎትና የቃል ጥናት ካልተፈተነ፣ በውጊያው ቀን መራመድ ይከለክላችኋል።

ሦስተኛ፣ ራሳችንን ለመጠበቅ ያወጣነው ሥርዓት ጉልበታችንን እንዳያደርቀው እንጠንቀቅ። ይቅርታ መጠየቅ ያቃተው፣ ተግሣጽ መስማት የማይችል፣ በእግዚአብሔር ፊት መንበርከክ የተወ ወጣት ሁለት እግሩ በብረት ተዘግቷል፤ ከወደቀ ብቻውን አይነሳም።

ለቡድን ውይይት

1. በሳምንቱ ውስጥ ጋሻችሁ የሚያልቅበት ሰዓት የትኛው ነው? እርስ በርሳችሁ እንዴት ልትሸፋፈኑ ትችላላችሁ?
2. 1ኛ ሳሙኤል 17፥38-40ን አንብቡ። በሕይወታችሁ የተፈተነውና ያልተፈተነው ትጥቅ የትኛው ነው?
3. በኅብረታችሁ ውስጥ ጥበቃ መስሎ ጉልበት እንዳይታጠፍ ያደረገ ልማድ አለ?